ስዊቹን ያጠፋው

ሥርጉትዬ፣

ማዳም ሾፌር ልካብኝ ታች ቆሟል፤ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ኢንተርኔቱን ለአራቱም ክፍል የምታከፋፍለው ስዊች በርታለች። ትላንት እረፍት ስለነበርኩ ፈተሽኳት። መጀመሪያ ሶኬት ቀየርኩላት፤ እምቢ አለች። ከዚያ የራውተሩን አዳፕተር ነቅዬ ሰካሁባት፤ ሁለቱም ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ናቸው። ወዲያው መብራቷ ቦግ አለ። ስዊቿ ጤነኛ ናት፣ የሞተው አዳፕተሯ ነው ማለት ነው።

ገመዱን ስከተለው ቁም ሳጥኔ ሥር ገባ። ባለፈው ወር ቁም ሳጥኑን ስገፋው እግሩ ገመዱ ላይ አርፎ ጨፍልቆታል፤ ቀስ በቀስም በጥሶታል።

አንቺ አልነቀልሽውም።

ልጅሽ የፈተና ውጤቱን ሊነግርሽ ደውሎ የተቋረጠውም በዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ቀን የቤታችን ልጆች ርብቃና አስካለ ፊት «ስለተኳረፍን ሆን ብለሽ ነቅለሽው ነው» አልኩሽ። አንድ ቃል ብትመልሺልኝ ኖሮ ያኔውኑ እፈትሸው ነበር። አንቺ ግን ዝም አልሽ፤ ይኸው ዘጠኝ ቀን።

ታች ካለው ሱቅ አዲስ አዳፕተር ገዝቼ ሰክቻለሁ። ድጋሚ ከጠፋች ሶኬቱን ቀይሪ እንጂ ስዊቿን አትክፈቻት። መሳቢያ ውስጥ ያለው ባለ አምስት ቮልት ነው፣ እሱን እንዳትሰኪባት።

ሾፌሩ እየደወለ ነው።

አርብ ስመለስ፣ እነርብቃ ፊት የተናገርኩትን እዚያው ፊታቸው ተሳስቼ ነበር ብዬ አነሳዋለሁ። እስከዚያ ከነርብቃ ጋር ብይ፤ ክፍልሽን ዘግተሽ ብቻሽን መብላቱን ተዪው።

ለልጅሽም ደውዪለት። «እናትህ አይደለችም የዘጋችብህ፣ ቁም ሳጥኗን ገመዱ ላይ ያሳረፈችው ጽጌረዳ ናት» በዪው።