«አደጋ» የሚለውን ቃል የፋቁት በያጅ

ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ ብልጭታ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊዋ እናታችንና ከጋራዥ ጥበቃ ሠራተኛው አባታችን፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ ያልገፉት ሰንፈው አይደለም፤ አባታችን ሲሞቱ እኛን አምስት ታናናሾቻቸውን የሚያበላ ሰው ስለጠፋ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ብረታ ብረት ቤት ተቀጠሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባልደረባቸው የብየዳ መነጽራቸውን ነጥቆ «ሂጂና ድስትሽን ጣጂ» ቢላቸው በመዶሻ እጀታ አፍንጫውን ሰበሩለት። በብረቱ በኩል አልመቱትም፤ ይኸም እንደ ቸርነት ይቆጠርላቸው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ረዳታቸው ሆኖ ሠርቷል። ዛሬም አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ አፍንጫውን አይታችሁ ትለዩታላችሁ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው የወርክሾፑ ፎርማን ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዕለት ባላቸው «የወንድ አዛዥ ሆንሽና ቤትም ልታዢኝ ነው?» ብሎ ለአጥር ቆርጠው ያስቀመጡትን የብረት ቱቦ አነሳ። በልጆቻቸው ፊት ሦስት ጊዜ መታቸው። አንዱ ክንዳቸውን ሰበረ፣ አንዱ ጉንጫቸውን ቀደደ፣ ሦስተኛው የራስ ቅላቸውን ሰነጠቀ። በዚህ ጽሑፍ ላይ እሱ አንቱ አለመባሉ የማተሚያ ቤቱ ስህተት አይደለም።

ዘመድ ግን ተረባርቦ «የልጆቿ አባት ነው፤ ገመናችን አይውጣ» አለ። ለፖሊስም ለሐኪምም «ሥራ ላይ አደጋ ደርሶባት ነው» ተብሎ ተነገረ። እሳቸውም ለልጆቻቸው ሲሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ሲሻላቸው ግን ልጆቻቸውን ይዘው ከቤቱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚጥል በሽታ አልለቀቃቸውም። ቢሆንም የከተማውን የውኃ ታንከሮች በየዱ፤ አርባ አንድ ሴቶችንም ለሙያው አበቁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ባቋቋመው የሴቶች የክብር አዳራሽ ፎቶግራፋቸው እንዲሰቀል ተመረጡ። በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ የጉንጫቸው ጠባሳ ከፎቶው ላይ ጠፍቷል። ከሥሩ ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ «የደረሰባቸው የሥራ ላይ አደጋ ሳይበግራቸው» ተብሎ ተቀርጿል። እንዲያ ያስጻፍነው እኛው ቤተሰቦቻቸው ነን። እህታችን አነበቡት። ሞረድ ከቦርሳቸው አይጠፋምና አውጥተው፣ በከንቲባው ፊት «አደጋ» የሚለውን ቃል ይፍቁት ጀመር። ከአዳራሹ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት አንዱ እጃቸውን ቢይዝ በክርናቸው ደረቱን ሲሉት ወንበሮቹ ላይ ተዘረጋ።

«ስሙኝ!» አሉ። «በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ ብረት አንድ ቀን አልበደለኝም። ሙያዬን በሐሰት አትክሰሱብኝ። የመታኝ ባሌ ነው!»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው ሴት ልጃቸው ናት። ዛሬ ሰሌዳው «ባላቸው በብረት ቱቦ ቢመታቸውም» ይላል፤ ፎቶውም ከነጠባሳው ነው።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ያው የሚጥል በሽታ እየጸናባቸው ሄዶ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ዘመዶቻችን ይህንን ጽሑፍ አይተው «እንደ ሰው ሁሉ ‹ባደረባቸው ሕመም› በይ እንጂ!» እያሉ ጸሐፊዋን፣ የሟቿን ታናሽ እህት፣ ለምነዋታል። እምቢ ብላለች። እህታችን ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ተመትተው ነው የሞቱት። ገዳያቸውን ከሕግ ያስጣልነው እኛ ነን፤ ያኔ ለሐኪሙ «አደጋ ነው» ያለችውም ይህች ጸሐፊ ናት።

እህታችን የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለእኛ ለዋሸነው የሚሰጠንን እሱ ያውቃል።