ባትሪው የት ነው?

ጥቅምት 4
የሕፃናት መጽሐፍ ሳርም ዋልኩ። ማተሚያው ዛሬም የብሬል ነጥብ ይዘላል፤ ከእኔ ጣት ግን አያመልጥም። ማታ አልጋ ላይ ሳነብ ባሌ "በቃ ተኚ!" ብሎ መብራቱን አጠፋብኝ። ለእኔ! ለዕውሯ! ሳቄ አመለጠኝ… ምን ነበር ባልስቅ?

ጥቅምት 5
የብሬል ነጥብ መውጊያ ወስፌዬን በቡጢ ጨብጬ ነው የምጽፈው። ጠዋት ባሌ ሁለቱንም እጆቼን ጎትቶ የጋለ ምድጃ ላይ… "እስቲ አሁን አንብቢ!"

ጥቅምት 9
አማቴ መጡ። "ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው።" የተቃጠለው ጣት መሰላቸው። ዓይኔ እኮ ነው!

ኅዳር 21
ቁስሉ ደረቀ። ጣቶቼ ግን ድንጋይ ሆነዋል። የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። አለቃዬ "ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ" አለችኝ… እስከ መቼ?

ታኅሣሥ 12
የማተሚያ ቤቱ ቴክኒሻን ሌባ ጣቴ ላይ ስስ ላስቲክ አጠለቀልኝ። ሴንሰር ነው አለ። ነጥቦቹን ስጫን ፊደሉን ይናገራል።
"ቻርጀሩስ?"
"ምን ቻርጀር! ሲጫኑት ራሱ ኃይል ያመነጫል። ጠንከር አድርገሽ ከተጫንሽው ደግሞ ይጮኻል።"
አንድ ገጽ አነበብኩ። አለቀስኩ። እሱም አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

ታኅሣሥ 14
ባሌ ድምፁን ሰማ። ሶኬቱን ነቀለ፣ ቆጣሪውን አጠፋ። ሴንሰሩ "መ" አለ። "ባትሪው የት ነው?" እያለ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠ። የለውም ብለውም አያምነኝም። አልሳቅኩም። ተምሬአለሁ።

ታኅሣሥ 15
ሳነብ መጥቶ ፀጉሬን ይዞ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። አፌ ደም ሞላ። ከዚያ ሴንሰር ያለበትን ጣቴን ገጹ ላይ ጨፈለቀው።
"ሀ!" አለ ሴንሰሩ።
ባሰበት። በጨፈለቀው ቁጥር "ሀ! ሀ! ሀ!" እያለ ይብስ ጮኸ።
"አጥፊው! ባትሪው የት ነው?"
"አንተ ነህ!"
ጣቴ ቀጭ ሲል ሰማሁ። በሌላው እጄ መውጊያ ወስፌዬን ዳበስኩ፣ አገኘሁት። ጭኑ ላይ ሰካሁት። ነቅዬ ደገምኩት። እሱ ሲያጓራ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጎረቤቶች ደጁን ሞልተውታል። ስንት ጊዜ ሰምተው ዝም ብለው ነበር?

ጥር 8
እህቴ ቤት ነኝ። እሱ ታስሯል። አማቴ መጥተው "ልጄን አስፈቺልኝ" ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። አነሳኋቸው። "ይቻሉት፣ እማማ" አልኳቸው።
የተሰበረው ጣቴ ገና እንደታሰረ ነው። ሴንሰሩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።
ማታ ሳነብ ድንገት መብራት ጠፋ። እህቴ "ውይ! እያነበብሽ ነበር እኮ!" አለች፤ ከልቧ አዝና።
ሳቄ መጣ… አፌን ያዝኩ። ኮቴ አዳመጥኩ። ምንም የለም።
እንደ ልቤ ሳቅኩ።