«ዘመድ የለኝም» ያልሽ ቀን

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ ልጠይቅሽ ስል ሳቄ መጣ። ትናንት ጠዋት ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆመሽ ስትፍለቀለቂ አይቼሻለሁ። ጉንጭሽ አልከሳም፣ ድምፅሽ አልደከመም፣ አዲሱ ጫማሽም የተመቸሽ ይመስላል። ደህና መሆንሽን አውቃለሁ ማለት ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ሳሉ ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ጆሮዋም እየከዳት ነው፤ የሚከዳት ግን ለእኔ ብቻ ነው። ከሥራ ገብቼ ደጋግሜ ስጠራት የማትሰማኝ ሴትዮ፣ አንቺ ስትደውዪ ስልኩ ከመጮሁ በፊት ትሰማዋለች።

ምነው ደብዳቤ ጻፍሽ ትዪኝ ይሆናል። እንዳልደውልልሽ የተስማማነው ራሳችን ነን። ደግሞም ስልክ ላይ ሁልጊዜ ታሸንፊኛለሽ። ገና ነገሬን ሳልጀምር «አንቺ ደግሞ!» ትዪና ያለቀ የደቀቀ ታደርጊዋለሽ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

የዱቄት ፋብሪካው ቦታ ላይ የነደፍሽው መንደር ፋይል እኛ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ የገባ ዕለት ደውለሽ የለመንሽኝን ታስታውሻለሽ። በእኛ ደንብ የሠራተኛ ዘመድ ያቀረበው ፕሮጀክት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይላካል፣ እዚያም ከሀ ይጀመራል። ከሀ ከተጀመረ ደግሞ ፈቃዱ ሳይወጣ የመሬቱ ሊዝ ይቃጠላል፤ ባለሀብቶቹም ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣባቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። የኖርኩበት ሥራ በአንድ ቀን ገደል ይገባል አልሽኝ። ፈቃዱ እስኪወጣ እንደማንተዋወቅ እንሁን፤ ፋይሉ አንቺ እጅ ስለማይገባ የሚበደል ሰው የለም አልሽ። እኔም እሺ አልኩ። መቼ ነው እንቢ ብዬሽ የማውቀው?

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ቢሮ የመጣሽ ቀን ተራ ስትጠይቂኝ «እርስዎ» ብዬ አስተናገድኩሽ፤ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ፣ ሲጠሩ ይገባሉ አልኩሽ። አንቺም አመሰግናለሁ ብለሽ አንገትሽን ሰበር ስታደርጊ በሳቅ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ልጆች ሆነን ሱቅ ስንጫወት እንደነበረው ነው አልኩ። ያኔም ቢሆን ገዢዋ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ቆሜ አሸዋ የምመዝን።

ጨዋታው የመረረኝ ማስመሪያን «እህቴ» ያልሻት ዕለት ነው።

ማስመሪያ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ፋይልሽን የምትመረምረው ባልደረባዬ ናት። ቀጥ ብላ ስለምትሄድና አንዲት ሚሊሜትር ስለማትለቅ ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። እህቴ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የታክሲው ረዳትም ይለኛል፣ ሽንኩርት ሻጩም ይለኛል፣ መንገድ ላይ ገፍቶኝ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ይለኛል። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። «እህቴ፣ ይኼን መስመር እዪልኝ፤ እህቴ፣ ሻይ ጠጥተሻል?» ስትያት እኔ ከጎኗ የመኪና ማቆሚያ ስፋት እየደመርኩ ነበር። የደመርኩትን ሁሉ ተሳሳትኩ። እንደገና ደመርኩ፣ እንደገና ተሳሳትኩ።

ቀናሁ፣ እታለም። ምን አድበሰብሰዋለሁ? እማዬ ከልጅነቴ ጀምራ ቀናተኛ ትለኛለች፤ ልክ ናት። በቀሚስሽ ቀንቼ አውቃለሁ፣ በውጤትሽ ቀንቼ አውቃለሁ፣ እማዬ ለእንግዳ ስምሽን ስትጠራ በሚለወጠው ድምፅዋ እስከ ዛሬ እቀናለሁ። በአንቺ ምክንያት በሌላ ሴት እቀናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የመንደሩን ሞዴል ይዛችሁ መጣችሁ። ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲገባ ቢሮው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተነሣ። ማኅተም የምትመታዋ ሳትቀር መነጽሯን አድርጋ መጣች። እኔም ከሰው ኋላ ሆኜ በእግሬ ጣት ቆሜ አየሁት። ያምራል። ስለሚያምርም ተናደድኩ። ሕንጻዎቹን አይቼ ወደ መሐል ግቢው ስመጣ ግን ዐይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። በዛፉ ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ደረጃ! ያ ደረጃ የማን ነው? በጓሮ ግድግዳ ላይ በከሰል የሣልኩት እኔ አይደለሁም? ዛፉን ከመቁረጥ ደረጃው ይዙረው ብዬሽ፣ «አንቺ ደግሞ! ደረጃ ቀጥ ነው የሚለው» ብለሽ የሳቅሽብኝን ረሳሽው? ማስመሪያ ደረጃውን በጣቷ እየተከተለች ከየት አመጣሽው ብላ ስትጠይቅሽ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ የነበረ ነው አልሻት። ከልጅነቴ! ከልጅነታችን ብትዪ አፍሽን ያምሽ ነበር?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቴክኒክ ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት የሆነውን ነው።

ሰብሳቢያችንን ቢሮው በሙሉ «ይሁን እንጂ» ነው የሚለው፤ በሌለበት ነው ታዲያ። ሰውዬው ደስ የሚል ነገር ተናግሮ ይሁን እንጂ ሳያስከትል ቀርቶ አያውቅም። ልምድ የሌለው ባለጉዳይ «ፕሮጀክቱ ግሩም ነው» ሲባል ብድግ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ እጁ አየር ላይ እንዳለ ይሁን እንጂ ይመጣል። አንቺ ግን ከወንበርሽ ንቅንቅ አላልሽም። ማስመሪያ አስቀድማ ነግራሽ ነበር። ስንት ቀን ልንገራት አልንገራት እያልኩ ስብሰለሰልበት የነበረውን ነገር እሷ በአንድ ሻይ ላይ ጨረሰችው።

ከዚያ ደንቡ ላይ ያለውን ጥያቄ አነበበልሽ። በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ አለዎት ወይ አለሽ። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጫለሁ። የአባታችን ስም በየሰፈሩ የሞላ ስም ባይሆን ኖሮ ያኔውኑ በነቃብን ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? የምትመልሺውን አውቀው ነበር፤ አስቀድመን ተስማምተንበታል። የጠበቅሁት ትንሽ እንድትደናቀፊ ነው። ጉሮሮሽን ብትጠርጊ፣ ወረቀትሽን ብታገላብጪ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ግን ስኳር ትፈልጊያለሽ ወይ ተብለሽ የተጠየቅሽ ይመስል «ዘመድ የለኝም» አልሽ። እሱም ሳይበቃሽ፣ ዘመድ ቢኖረኝማ ይኼን ያህል ደጅ እጠና ነበር ወይ ብለሽ ሰውን አሳቅሽ። ደግሞ ወደ ማስመሪያ ዘወር ብለሽ፣ አሁን አሁን እህቴ የምላት እሷን ነው አልሽ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እታለም። የሳቅሁበት ጉንጬ ማታም ያመኝ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሮ ከሠራተኛውስ በኩል ዘመዷ የሆነ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዝም አልኩ። እርሱም ፕሮጀክቱ ግሩም ነው፣ ይሁን እንጂ የእሳት አደጋ መኪናው መዞሪያ ይስፋ አለ። የመጨረሻው ውሳኔ ሰኞ ይሰጣል፤ ያን ቀን አመልካቹም ሠራተኛውም ዝምድና እንደሌለው በፊርማው ያረጋግጣል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቤት ስገባ እማዬ እህትሽን አየሻት ወይ አለችኝ። የቷን እህት አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። ቤት ብቅ ካልሽ ስንት ጊዜ እንደሆነሽ እሷም ታውቃለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገርናትም። ልጄ ጠላችኝ ወይ እንዳትል እየፈራሁ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ስምሽን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ማስመሪያ ምሳ አብረን እንብላ አለችኝ። ልቤ እንቢ ሊል ነበር፤ ሄድኩ። እየበላን ያቺ አርክቴክት ታስቀኛለች አለችኝ። በመልእክተኛ የሚላከውን እርማት ሁሉ ራሷ ይዛ ትመጣለች አለች። ስትመጣም ሌላ ወንበር እያለ መስኮቱን የሚያየውን ወንበር ትመርጣለች። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ምሳ ትበላለች ወይ፣ ለምን ከሳች፣ ያ ሳል ሐኪም አይቶታል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች አለች። ጠረጴዛዬ ላይ ሳገኘው የሰነበትኩትን ማርና ሎሚ ከማስመሪያ መስሎኝ ሳመሰግናት ነበር። ለካ የላክሽው አንቺ ነሽ፣ ከራስሽ እንደሆነ አድርገሽ ስጫት ብለሻት። ሴትዮዋ ምን አስጨነቃት ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ያው ቅናቴ ነው። ስለ እኔ መጨነቅሽን እንኳ ከእኔ በፊት የሰማችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን እህቴ ስትያት፣ ዐይንሽ የት እንደነበረ ቀና ብዬ አላየሁም።

ከዚያ ነገሩን አገላበጥኩት። ሰኞ ብፈርም ከእውነት ጋር እጣላለሁ፤ አንድ ቀን ቢታወቅም ፈቃዱም አንቺም አብራችሁ ትወድቃላችሁ። ባልፈርም ደግሞ እዚያው ትወድቂያለሽ። ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት «እህቴ ናት!» ብዬ ብጮህስ? አምሮኝ ነበር፤ አምሮኝ ነበር ስልሽ በጣም። ማስመሪያ አፏን ከፍታ ስታየኝ በዐይነ ሕሊናዬ ሥዬ ብቻዬን ፈገግ ያልኩበት ጊዜ አለ።

ትናንት፣ አንቺ ስቀሽ ከሄድሽ በኋላ፣ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ያቀረብኩለትን የሥራ መልቀቂያ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ለምን አለኝ። የግል ጉዳይ ነው አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገና «ይሁን» አለ። እንጂውን ቆሜ ጠበቅሁ፤ አላስከተለም። የመስኮቱን ጠረጴዛ ለማስመሪያ ተውኩላት፤ ብርሃኑን ከድሮም ትመኘው ነበር። አሁንም ትንሽ ቆጭቶኛል።

አሁን ሙያዬን ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ ማንም አይከለክለኝም። መዞሪያውን ያሰፋችሁት ይበቃል። የመሐል ግቢው ተዳፋት ግን ተሳስቷል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው እየተንደረደረ ምድር ቤት ያለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይገባል። ፍሳሹን ከዛፉ በታች ሳይሆን በደረጃው ሥር አውጡት። ሞዴሉን ያየሁ ዕለት አውቄው ነበር፤ በማን አፍ እንደምልክልሽ ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ይኼንንም ማስመሪያ አላየችውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ስለ ኑሮዬ አትጨነቂ። እማዬንም አታስጨንቂያት፣ በራሴ ጊዜ እነግራታለሁ። ሰኞ ማታ ግን ቤት ነዪ። በፊት ለፊቱ በር ግቢ፣ ጎረቤትም ይይሽ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ውስጥ ስትገቢ በዐይንሽ አትፈልጊኝ። ሰብሳቢው ያን ጥያቄ ሲያነብልሽም እንዳትደናገጪ። ቀና ብለሽ «ዘመድ የለኝም» በይና ፈርሚ። ያን ቀን እውነት ነው።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ። መሠረቱ ይጥበቅልሽ፣ ግንቡ ይቁምልሽ፣ በዚያ ደረጃ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ እግሩ አይንሸራተት። ክፉ አይንካሽ፣ ደግ ሰው አይለይሽ።

የእናትሽ ልጅ