ስለ ሞተውና አረንጓዴ ስለሆነው የሊፍታችን ሳጥን

ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሊፍት ማዘመኛ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እየገለጽኩ እጅ እነሳለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ጉልበት እንዳለው ትዝ የሚለው ሊፍት ሲቆምበት ነውና፣ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ምድር ቤት መሆኑን ደጅ ስጠና በዓይኔ አይቼ፣ እሰይ፣ እሳቸው እንኳ ተረፉ ብያለሁ።

እኔ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ መተዳደሪያዬም የአውቶቡስ ትኬት በሚቆርጡ ማሽኖች ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም መጫንና ማደስ የሆነ ሰው ነኝ። ይህን የምነግርዎ ለጉራ አይደለም። ጎረቤቶቼ “ሊፍቱ ተበላሸ” ብለው ሲያልፉት፣ እኔ ግን ምን ተሠርቶ እንደተበላሸ ስለማውቅ እጥፍ ድርብ እንደምቃጠል እንዲረዱልኝ ብቻ ነው። ቅሬታዎቼን በቁጥር ያስቀመጥኩትም ለንባብ እንዲመችዎ ነው፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ በቢሮዎ ያየሁት ስክሪን ይመሰክራል።

፩. ስለ አዲሱ ሲስተም

ሊፍታችንን የሚያዘው ጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል ሳጥን ነው። ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውም የሊኑክስ ሲስተም ነው። ይህ ምስኪን ሳጥን ሰውን ከማውጣትና ከማውረድ በቀር ሌላ ምኞት ያልነበረው፣ ሥራውን አክባሪ ፍጡር ነበር። እርስዎ ግን ለእኛ ካለዎት አሳቢነት የተነሳ፣ ሊፍቱ በሩን በከፈተ ቁጥር “እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ነዋሪ” እንዲለንና ስክሪኑም የእርስዎን ፎቶ እንዲያሳየን ስለወደዱ፣ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር አዘዙ። ፎቶውን ለማየት አልታደልንም።

በእኛ ሙያ ትናንት የተቀጠረ ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ። አዲሱ ሲስተም ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል፣ ተነስቶ መሥራቱ ይታያል፣ አልነሳ ካለም ሳጥኑ ወደ አሮጌው ይመለሳል። የእርስዎ ክፍል ግን በመጀመሪያ አሮጌውን ጠራርጎ አጠፋ፣ ከዚያ አዲሱን በኔትወርክ ማምጣት ጀመረ፣ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። አዲስ ሱሪ ሊገዛ ሲነሳ የለበሰውን አውልቆ ጥሎ ገበያ የወጣ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኛም አይተን አናውቅም ነበር፤ ስላሳዩን እናመሰግናለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሊፍቱ ስክሪን ላይ “የሚነሳ ሲስተም አልተገኘም” የሚል አንድ መስመር ተጽፎ ቀረ። ለዚህ ሳጥን ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ጥፋቱን ያመነ እሱ ብቻ ነውና።

፪. ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ

አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ ትሑቱ ሠራተኛዎ ወንበር አቀረበልኝ፣ የኮምፒውተሩንም ፊት ወደ እኔ አዞረልኝ። ከሕንፃችን ቁጥር አጠገብ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላለች። “እህቴ፣ አረንጓዴ ናችሁ እኮ፣ ምን ላድርግልሽ?” ሲል ከልቡ አዘነልኝ። በሌላ ቀን ብመለስ አሁንም አረንጓዴ። እናቴ ከፎቅ መውረድ አቅቷታል ብዬ ብማጸን፣ አሁንም አረንጓዴ፣ እንዲያውም ያን ቀን ይበልጥ የደመቀች መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክቡር ሆይ። በሳጥኑ ውስጥ ኬብሉ የሚሰካባት ትንሽ የኔትወርክ ካርድ ሲስተሙ ቢሞትም ለብቻዋ በሕይወት ትቆያለች። ክፍልዎ ሳጥኑን የሚጠይቀው “ኬብልህ ተሰክቷል?” ብሎ ነው፣ “ትሠራለህ?” ብሎ ጠይቆት አያውቅም። የእኛም ሬሳ “ተሰክቻለሁ” እያለ ይመልሳል። በዚህ መንገድ ማዘመኛው አንድም እንከን ሳይገጥመው ተጠናቀቀ ተብሎ መጨብጨቡን ሰማሁ። እኔም ሰባተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሽ ከተረፈኝ አጨበጭባለሁ።

፫. ስለ እናቴና ስለ እትዬ

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢንሸራተት ይቅርታዎን ከወዲሁ እለምናለሁ።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ እናቴ “እትዬ” የምትላት እኛም ተከትለን እትዬ የምንላት፣ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት በአንዲት ክፍል ትኖራለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግማሽ አካሏ አይታዘዛትም፣ አንደበቷም ተይዟል። ስልክ ቢደወልላት መልስ የላትም። ምግብ ከእናቴ እጅ ካልሆነ አትቀምስም። እናቴ ደግሞ ዳሌዋን ከተሰበረች በኋላ ደረጃ የሚባል ነገር አይሆንላትም። ስለዚህ በየቀኑ በሊፍት ትወርዳለች፣ እህቷን በማንኪያ ታበላለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ የጎረቤቱን ሐሜት በሙሉ ታወራላታለች፣ ትመለሳለች። የሁለት አሮጊቶች ሕይወት በእርስዎ ሳጥን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ሊፍቱ ሲቆም ማንኪያውን እኔ ያዝኩት። እትዬ ከትከሻዬ በላይ በሩን በሩን ታይና፣ ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን ስታረጋግጥ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አባበልኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሞቴ አልኳት፣ ወይ ፍንክች። ጉንጯ እየጎደጎደ ሄደ። በመጨረሻ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው እናቴን በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷት ተስማሙ። አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ራሷን አዞራት፣ የፀጉር አስተካካዩን ጆሮ ጨምድዳ ይዛ “ገና ሳልሞት ሬሳ አደረጋችሁኝ” እያለች ሕንፃውን በጩኸት ሞላችው። ያን ቀን እትዬ በላች። እናቴ ግን ዳግመኛ በዚያ ወንበር አልነካካም አለች፣ ፀጉር አስተካካዩም ስለ ጆሮው ሲል አልተከራከራትም።

፬. ስለ ወንጀሌ

ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ልንገርዎ። ማዘመኛዎ ገና ካልደረሰበት የጎረቤት ሕንፃ ሳጥን ላይ አሮጌውን ሲስተም በሜሞሪ ካርድ ገልብጬ፣ ወደ ጣሪያችን ወጥቼ በሟቹ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ተነሳ! ደግነትዎ በኔትወርክ ተከትሎት እንዳይመጣም ኬብሉን ነቀልኩ። ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ድምፁን የሰማችው እናቴ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወረደች፣ ማንኪያውን አነሳች፣ እትዬም አፏን ከፈተች።

ኬብሉ በመነቀሉ ግን በእርስዎ ስክሪን ላይ ቀይ ሆንን። ወይ ፍጥነት! አቤቱታዬን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የከረመ ክፍል በማግስቱ ሁለት ኢንጂነሮችን ከነላፕቶፓቸው ላከ። ዘበኛው ሊፍቱ እየሠራ መሆኑን ቢነግራቸው “ሲስተሙ ላይ ሞቷል” ብለው ገሰጹት። ከዚያም ወደ ሊፍቱ ገቡ፣ ሰባትን ተጫኑ፣ የሞተውን ሊፍት ሊጠግኑ በዚያው በሞተው ሊፍት ሽቅብ ወጡ። ላይ ሲደርሱ ኬብሉን ሰኩ፣ ያንኑ መሀል ላይ የተቆረጠ ማዘመኛ እንደገና ለቀቁበት፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው የሳጥኑን ክፍል በአዲስ ቁልፍ ቆለፉ። ከሥራ ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተገናኘን፤ እኔ ስወጣ እነሱ በእግራቸው ሲወርዱ። ታላቅየው ላቡን እየጠረገ “ችግሩ ተፈቷል፣ አረንጓዴ ሆናችኋል” ብሎ አበሰረኝ።

እናቴ በዚያ ሰዓት ታች እትዬ ዘንድ ነበረች፤ እዚያው ቀረች። የእትዬ አልጋ ለሁለት ስለማይበቃ እናቴ የምትተኛው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። የተሰበረ ዳሌ ከወለል በራሱ አይነሳምና፣ ጠዋት ጠዋት እኔ በአንድ ወገን፣ ፀጉር አስተካካዩ በሌላው ወገን ሆነን እናነሳታለን። ሌላ መላ እንፈልግ ስላት “እትዬ እየበላች ነው፣ ሌላውን ተዪኝ” ትለኛለች። መነጽሯን፣ መድኃኒቷን፣ ማበጠሪያዋን በየተራ ተሸክሜ አወረድኩ። ሰባተኛ ፎቅ ያለው ቤቷ ግን በደረጃ አይወርድም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አዲስ ሲስተም አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። የዚያን ክፍል ቁልፍ ይስጡኝ። እሱ ከከበደዎት ከአረንጓዴዋ ነጥብ ጎን “ለመሆኑ ሊፍቱ ሰው ያወጣል?” የምትል አንዲት ጥያቄ ያስጨምሩልን።

ስክሪንዎ እንደለመለመ እንዲኖር፣ ጉልበትዎም የደረጃን ወሬ እንኳ እንዳይሰማ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮትና በተቆራረጠ ትንፋሽ እሰናበትዎታለሁ።

የአረንጓዴው ሕንፃ ነዋሪ፣
ወለል ላይ የምትተኛዋ እናት ልጅ

ማስታወሻ፦ ኢንጂነሮችዎ ለመውረድ ሲቸኩሉ የላፕቶፕ ቦርሳቸውን ሰባተኛ ፎቅ በራችን ላይ ረስተውታል። በሚገባ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢወስዱት ደግሞ ክብሩ የእኛ ነው። ደረጃው በስተግራ ነው።