ያለ አንቺ የማቅደው የፍሎረንስ ጉዞ

ውዷ ባለቤቴ አመነች፣

በቋንቋችን ሰላምታ፣ ሳሮ ብዬሽ ልጀምር። ከተለየሽን ወዲህ አንድ ክረምትና አንድ የዘመን መለወጫ፣ አንድ ጊፋታ አልፏል። ቤት ውስጥ ወላይትኛ ስናወራ ብንኖርም ስንጻጻፍ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። እኔ ሃላሌ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተመድቤ፣ አንቺ ሶዶ ጂኦግራፊ ስታስተምሪ፣ በሾፌር እጅ የምንላላካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በትምህርት ቤት አማርኛ የተጻፉ ነበሩ። ላንቺ መጻፍ የለመድኩት በእሱ ነውና ዛሬም በእሱ እጽፋለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። ከጓሮ ያለው እንሰት ጥሩ ይዟል። የአቮካዶውን ዛፍ ግን ነፋስ ጥሎት አጥሩን ሰበረው፤ አጥሩን አሠርቻለሁ፣ ዛፉ የነበረበትን ቦታ ባዶውን ተውኩት። ያንቺን ክፍለ ጊዜ ከዲምቱ የመጣ ወጣት መምህር ይዞታል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ሰላም የሚለኝ። እህትሽ ታደለች በየሳምንቱ ትመጣለች። ሳልቆርስ ያሳደርኩትን ዳቦ እያየች ትቆጣኛለች፤ ቀጥላ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ወጥ ሠርታልኝ ትሄዳለች።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ፍሎረንስ ልሄድ ነው፣ አመነች። ብቻዬን።

ልጃችን ምሕረት ለትምህርት ሄዳ እዚያው ሥራ ከያዘች ጀምሮ ያቺ ከተማ ከቤታችን ወጥታ አታውቅም ነበር። እራት በልተን ስናበቃ መነጽርሽን አድርገሽ የስልክሽን ካርታ ትከፍቻለሽ። ወንዙ ይሄ ነው፣ ድልድዩ ይሄ ነው፣ ትልቁ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው ትይኛለሽ። ሶዶ በዳሞት ተራራ ሥር እንደተቀመጠች ሁሉ ያቺም በኮረብታ የተከበበች ናት እያልሽ፣ አይተሻት የመጣሽ ይመስል ታስረጂኛለሽ። ጉልበትሽ እያመመሽ እንኳ ጉልላቱ ላይ እወጣለሁ ብለሽ ነበር። እኔ ደግሞ ልቤ ያለው ከከተማው ውጭ ነው። ወይን የተተከለባቸውን ኮረብቶች ማየት፣ በዚያ ተዳፋት ላይ አፈሩን እንዴት እንደያዙት ማወቅ እፈልግ ነበር።

"ዕድሜህን ሙሉ እርከን ስትሠራ ኖረህ፣ ባሕር ተሻግረህም እርከን ልታይ ነው?" አልሽኝ።

"የነሱ እንደኛ በጎርፍ ይሄድ እንደሆነ ልይ እንጂ" አልኩሽ።

ስንት ጊዜ ተከራከርን። በመጨረሻ ሦስቱን ቀን ለከተማው፣ ሁለቱን ለገጠሩ ብለን ተስማማን። ያሸነፍሽው አንቺ ነበርሽ፤ ሁለት ቀን ስትጨምሪልኝ ግን ስጦታ የሰጠሽኝ አስመስለሽ ነው።

ከዚያ ክረምቱ ሊገባ ሲል ራስሽን አመመሽ። ከክፍል ደግፈው አወጡሽና ሆስፒታል አደረስንሽ። ሳምንትም አልሞላሽም። በመካከል አንድ ከሰዓት በኋላ አንደበትሽ ተፈቶ፣ ትተርፊልኛለሽ ብዬ ደስ ባለኝ ሰዓት፣ ያወራሽኝ ስለ ጉዞው ነበር። "መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ አዲስ ጫማ አድርገህ እንዳትሄድ፣ እዚሁ ተለማመደው" አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። በማግስቱ እጄን የያዝሽበት እጅሽ ላላ።

ምሕረት አልደረሰችም። የመኖሪያ ፈቃዷ እየታደሰ ስለነበር ከወጣች መመለስ አትችልም ተባለች። መጋቢው ሲጸልይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ስምሽን እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ አንድ ዘመዳችን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞላት ነበር። በመካከል መስመሩ ተቋረጠ። ያኔ ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላልኩም።

በኋላ "አባዬ፣ ናልኝ" እያለች ትደውል ጀመር። ያለ እናትሽ የት እሄዳለሁ እያልኩ ሰበብ አበዛሁባት። በጊፋታ ሰሞን ታደለች ቤት ሳለሁ ደወለች፤ የጉዞውን ነገር ታደለች የሰማችው ያን ዕለት ነው። እንደምታውቂያት ፊቷ ወዲያው ጠቆረ።

"የእህቴ አፈር ሳይደርቅ ጣሊያን አገር ሽርሽር? ሰው ምን ይለናል?" አለች።

ስልኩ ክፍት ነበርና ምሕረት ሰማች። "አክስቴ፣ እናንተ አብራችሁ አልቅሳችኋል። እኔ እስካሁን ከማንም ጋር አላለቀስኩም። እዚህ እናቴን የሚያውቃት ሰው የለም። በቀብሯ ማግስት ሥራ ገባሁ" አለች።

ታደለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የማየው ግድግዳውን ነበር። ስንቱን ወር እኔ ብቻ ያጣሁሽ መስሎኝ ስኖር፣ ልጄ በሰው አገር ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቀስተኛ ተቀምጣለች። ታደለች ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣ "ይመጣል፣ ልጄ። ሽርሽር አይደለም፣ ለቅሶ ነው የሚመጣው" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለምሕረት የሚላክ ዳጣ የሚሆን ቃሪያና ዝንጅብል እየመረጠች ናት። ያንቺን ያህል እንደማይጣፍጥ አስቀድማ ተናግራለች።

እናም አሁን ከምሕረት ጋር በስልክ እናቅዳለን። የሚከራከረኝ የለም። አምስቱንም ቀን ለገጠሩ ባደርገው ማንም አይከለክለኝም። ክርክሩን አሸነፍኩ፣ አመነች፤ እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ለጠላቴም አይስጠው። ምሕረት ስትጠይቀኝ፣ "እናትሽ እንዳለችው ይሁን፤ ሦስትና ሁለት" አልኳት። መጀመሪያ የደረስኩ ዕለት ግን የትም አንወጣም። ቤቷ በር ዘግተን እናለቅሳለን። ከዚያ ወደ ወንዙ እንወርዳለን፣ ጉልላቱንም እናያለን። እወጣው እንደሆነ አላውቅም። ከወጣሁ ላንቺ ብዬ ነው፤ ካቃተኝም አትቀየሚኝ።

ለገጠሩ ሁለት ቀን አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ የሚያከራዩትን ክፍል፣ ወይን መሐል ያለውን፣ ለሁለታችን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ባለፈው ሳምንት ምሕረት ደውላ፣ "አባዬ፣ ክፍሉ አንድ ሰፊ አልጋ ነው ያለው። ሁለት ትንንሽ አልጋ ባለው ይቀየርልን?" አለችኝ። እኔና እሷ ስለሆንን ነው፤ ልክ ናት። አዎ፣ ይቀየር አልኳት። በረጋ ድምፅ ነው ያልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ቀብርሽ ላይ የቆምኩት ሰውዬ፣ አፈር ስናለብስሽ ያልወደቅኩት ሰውዬ፣ በአንድ አልጋ ነገር ተሰበርኩ። ታደለች መጥታ በጨለማ ተቀምጬ አገኘችኝ። መብራቱን አበራችልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ሰው ስምሽን መጥራት ትቷል። ክፋት የለባቸውም፤ እንዳያመኝ ብለው ነው። ጎረቤቶቻችን "ያቺ ነገር" ይላሉ፣ "ያ የሆነው ነገር" ይላሉ። ያንቺ ጓደኞችም እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። እኔም እንደነሱ ሆኜ ነበር፤ ከምሕረት ጋር እንኳ ስናወራ ስምሽን እየዘለልኩ "ያኔ" እል ነበር።

ከእንግዲህ እንዲህ አይሆንም። ልጅሽ የምትጠይቀኝን ሁሉ በገዛ ቋንቋችን እነግራታለሁ። በሆስፒታሉ ምን እንዳልሽ፣ ማን እንዳጠበሽ፣ የትኛውን ልብስ እንዳለበስንሽ፣ ተማሪዎችሽ አስከሬንሽን ተከትለው እንዴት እንደሄዱ፣ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ እስኪበቃት። በዚያች በምትወጃት ከተማ ድንጋይ መንገድ ላይ ሰው እየሰማን አመነች እንልሻለን። ስመለስም በሶዶ፣ በቤትሽ፣ በእንግዳ ፊት፣ በማዕድ ላይ እጠራሻለሁ። ድምፄ ቢሰበርም እጠራሻለሁ። ሰዎቹም ቀስ በቀስ ይለምዱታል፤ ባይለምዱትም እኔ እጠራሻለሁ።

ያንቺው
ማርቆስ