ስለ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደመላሽ ኅልፈትና ባዶ ስለቀረው የደራሽ ስም

በዘመሮ ዙሪያ የገደል ሥር ጎጦች የአደጋ ማስጠንቀቂያ ማኅበር፣ የመልእክት ማድረሻ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደመላሽ ሁለት ወር ታመው ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ማረፋቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። ሐዘናችን ጭንቀትም ጸጸትም አለበት።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በ2011 ዓ.ም. ማኅበራችንን ሲቀላቀሉ የናዳ ማስጠንቀቂያ የሚተላለፈው በስልክ ብቻ ነበር። ስልክ የሌለው፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ከመደብ የማይነሳ ሰው እንዴት ይነገረው ብሎ የጠየቀ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ቤት ለቤት ዞረው አርባ ሦስት ሰዎች መዘገቡ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማኅበሩ ማስጠንቀቂያው በእድር ጡሩምባ እንዲነፋ ወሰነ። ስሕተቱ የእኛ ነበር። ሕዝቡ ጡሩምባ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቀብር ወጣ እንጂ ደካማውን ይዞ አልሸሸም። ናዳው ሁለት ጎተራ ወሰደ፤ ሰው የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

እሳቸው ማንንም ሳይወቅሱ ደንቡን አስተካከሉ። ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ካቆመ ሞት ነው፤ ሳያቋርጥ ከተነፋ ናዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ «ደራሽ» የሚል ዓምድ ከፈቱ። ደራሽ ማለት ያንን ሰው ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ የሚወጣ ጎረቤት ነው። «ሁሉም ይደርሳል ካላችሁ ማንም አይደርስም» ይሉን ነበር።

ባረፉበት ማለዳ ጡሩምባ ነፊያችን አቶ ጌጡ ዓምደ ሚካኤል ሐዘን ጸንቶባቸው ሦስቱን ሳይቆጥሩ ቀሩ፤ ሳያቋርጡ ነፉ። ሕዝቡም ናዳ መጣ ብሎ ደካሞቹን በቃሬዛና በበቅሎ ይዞ ወጣ። ጉብታው ላይ መዝገቡ ሲጠራ አርባ ሁለት ሰዎች ተገኙ። የቀሩት ጆሯቸው የማይሰማው እማሆይ ጌታነሽ ሲሆኑ፣ ቤታቸው ብቻቸውን የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ተገኝተዋል። ደራሻቸው ተብሎ የተጻፈው የወይዘሮ ወሰንየለሽ ስም ነበር። መታመማቸውን እያወቅን ሁለት ወር ሙሉ ተተኪ አልጻፍንም።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለወይዘሪት የትምወርቅ፣ ለዘመድ ወዳጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ክረምቱ ገና አልወጣም። መዝገቡ ሐዘን ቤቱ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ለማጽናናት ከምትመጡት አንዳችሁ፣ እባካችሁ፣ ሳትቀመጡ በፊት ስማችሁን ከእማሆይ ጌታነሽ ትይዩ አስጽፉ።