የእድሩ ድንኳን ሲመለስ

ናዝሬት፣ ነሐሴ 1982 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ መርዳሳ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ ዝናቡ ገበያውን ጭቃ በጭቃ ቢያደርገውም እኛ ደህና ነን። ዓለም ጤና ከተማ ወንድምዎ ዘንድ ገብተው ሽንኩርት መትከል መጀመርዎን ከሹፌሮች ሰምተን እማዬ ከልቧ ሳቀች። «ልቅሶ እንዳልከለከለ ሁሉ፣ አሁን አገር የሚያስለቅስ ነገር ይተክላል!» አለች። እንዲህ ስትቀልድ ቢሰሟት ደስ ይልዎት ነበር።

«ጓድ መርዳሳ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶታል። ግን ጓድ ከመሆንዎ በፊት ጋራዥ ውስጥ ዘይት በዘይት ሆነው የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት በነጻ የሚጠግኑ ጋሽ መርዳሳ ነበሩ። ወንድሜ ሰብስቤም የሚያውቅዎ በዚያ ስም ነው።

አሁን የምጽፈውን ሁሉ ፊት ለፊት ልነግርዎ ያልቻልኩት አፍሬ አይደለም። እርስዎን ማድነቅ ለእኔ ቀላል ነገር ስላልነበረ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ሰብስቤን ከገደሉት ሰዎች መካከል እርስዎ አልነበሩም፤ ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆነው ደጃችን ቆመው «ልቅሶ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ ድንኳን የለም» ያሉን እርስዎ ነዎት። በዚያው ሳምንት የእድሩን ድንኳን አስወስደው የሰልፍ መድረክ ጥላ አደረጉት። እድርተኛውም ዝም ብሎ ስምዎን ሰረዘ። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ቀባሪ የሌለው ሰው እርስዎ ብቻ ሆኑ፤ ያኔ ግን ይህን በፊትዎ የሚናገር ደፋር አልነበረም።

እማዬ ያን ቀን ነጠላዋን ነክሳ ዋለች። ቆይታ ደግሞ ቁርጥማት ያዘኝ ማለት ጀመረች፤ በየጊዜው ሶደሬ መመላለስ ሆነ። አንድ ጊዜ ተከትያት ገባሁና ከላይ በሚወርደው ፍል ውሃ ሥር ቆማ አገኘኋት። አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ውሃው ድምፅዋን ይውጠዋል፤ ፊቷም እንደ ሌላው ታጣቢ ፊት እርጥብ ነው። ሳታየኝ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስትመለስ «ቁርጥማትሽ እንዴት ነው?» እያልኩ እጠይቃታለሁ፣ እሷም «ተመስገን፣ ቀለል አለኝ» ትለኛለች። እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን።

ባለፈው ግንቦት ፓርቲው ስሙን ቀይሮ ሊታደስ ነው ተብሎ ስንጠራ፣ ከኅብረት ሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተነሥቼ አዳራሽ የገባሁት ስለታዘዝኩ ብቻ ነበር። ከበላይ የተላከው ጓድ አብተው ሰዓቱን እያየ «በሂደቱ አንዳንድ ግድፈቶች ተከስተዋል» ብሎ አነበበ። ግድፈቶቹ እንደ ጉንፋን በራሳቸው መጥተው የሄዱ ይመስላሉ። ቀጥሎ እንደተለመደው ግለ ሂስ ሆነ። ወጉን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፦ ሁሉም ሰው ለዕለቱ የምትሆን ትንሽ፣ ንጹሕ ጥፋት ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አንዱ ማርፈዱን ተናገረ፣ ሌላው ሲጋራ ማብዛቱን። ራህመቶ የመጋዘን ዘበኛው ውይይት ክበብ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሲናዘዝ አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ እርስዎ ተነሡ።

«ጓዶች፣ እኔ የማርፈድ ችግር የለብኝም» አሉ። «የሰብስቤን እናት ልጇን እንዳታለቅስ የከለከልኩ እኔ ነኝ። የእድሩን ድንኳን የወሰድኩ እኔ ነኝ። ስማችንን ከመቀየራችን በፊት ድንኳኑን እንመልስ፤ እሷም እርሟን ታውጣ።»

ጓድ አብተው ብድግ አለ። «ጓድ መርዳሳ፣ ይህ ጉዳይ አጀንዳ ላይ የለም።»

«አጀንዳውን የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ነው የሌለው» አሉት።

ራህመቶ ከወንበሩ ተነሥቶ «የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለ። እቤት ገብቼም ለእማዬ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ተጨነቅሁ። ነግሬያት እርስዎ ቢቀሩስ? ዳግመኛ ሶደሬ የማስታምማት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ ዝም አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደጃችን ላይ ነበሩ። ከኋላዎ ራህመቶና ሌሎች ጓዶች ድንኳኑን ተሸክመዋል። እርስዎ በፓርቲው ካኪ ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

የናዝሬትን ድንጋይ መቼም እናውቀዋለን፤ ሜዳው ሁሉ ልጅ እንደ ኳስ የሚወረውረው ቀዳዳ ቀዳዳ ቀላል ድንጋይ ነው። ይቅርታ ጠያቂም ወጉን ለመፈጸም ያህል ከዚያ መርጦ አንገቱ ላይ ጣል ያደርጋል። የእርስዎ ግን ጥቁር ድንጋይ ነበር። አንገትዎ ጎብጦ፣ ላብዎ በአፍንጫዎ ይንጠባጠብ ነበር። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አሉ፤ ድምፅዎ አልወጣም ማለት ይቻላል።

እማዬ ሽማግሌ እስኪያነሣልዎ አልጠበቀችም፤ ራሷ ሄዳ በሁለት እጇ አወረደችው። ክብደቱ ይዟት ሊወድቅ ሲል «ውይ! ይሄ እኮ እውነተኛ ድንጋይ ነው!» አለች። እንዳቀፈችው መሬት ተቀመጠችና በመንደሩ መሐል «ሰብስቤ! ልጄ ሰብስቤ!» ብላ ጮኸች። ስሙን በአደባባይ ከጠራችው ስንት ዘመኗ!

ድንኳኑ ሲዘረጋ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ወጣ። ጋሽ ኑሬ ልብስ ሰፊው፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጨርቁን ዳበሰና «ይሄ በሳሙና የሚለቅ አይደለም» ብሎ መርፌውን አወጣ። በወንጂ ስኳር ጆንያ ሸፈነው። ካኪ ለባሾቹ ከእድርተኛው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ለእርስዎ ውሃ ስታቀርብልዎ አይቻለሁ፤ ያች ሴት እርስዎን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። ሦስት ቀን ተለቀሰ።

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ፓርቲውን አዋርደዋል ተብለው ከሊቀ መንበርነት ወረዱ፣ ከተማውንም ለቀው ሄዱ። የማያውቁትን ልንገርዎ። አዲሱ ስም ታፔላ ላይ ተጽፎ ተሰቀለ፤ ቆሞ ያነበበው ሰው አላየሁም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ራህመቶ «ማርፈዴን» ብሎ ጀምሮ አቋረጠና «ቀጥሎ የማን ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ድንኳኑ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሁለት ቤቶች ተተክሏል። ፓርቲ መታደስ ይህ ከሆነ፣ የእኛ ቀበሌ ጓዶች ታድሰዋል እላለሁ። ያደሷቸውም እርስዎ ነዎት። ኮርቼብዎታለሁ። የሰብስቤ እህት ሆኜ ይህን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እማዬም ሶደሬ መሄድ ትታለች። ቁርጥማቱ ለቀቃት።

ባለፈው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ እጇን አውጥታ «መርዳሳ ወደ እድሩ ይመለስ» አለች። ጉምጉምታ ተነሣ። ጋሽ ኑሬ እማዬን «አሰለፈች፣ አስበሽበታል?» ቢላት «ድንጋዩን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ክብደቱን አውቀዋለሁ» አለች። የተቃወመ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቀባሪ አለዎት።

ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለችኝ። ድንኳኑ ብዙ ስለተለቀሰበት ትንሽ ይረፍ፣ ለእርስዎ ለመትከል አንቸኩልም፤ ሽንኩርትዎን ነቅለው በእግርዎ ይምጡ ብላለች።

በናፍቆት የምትጠብቅዎ፣
የሰብስቤ እህት በላይነሽ